ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ውጭ ስለተውነው ሥራ

ወገኖቼ፣ አንድ ሌሊት አንጀቱ የታጠፈበት ገበሬ የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ከሩቅ ወረዳ መጣ። ሬዚደንቱ (በሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም) ተረኛ ነበር፣ ሰመመን ሰጪዋ ነበረች፣ መብራትም አልጠፋም፤ ያልነበረው የቀዶ ሕክምና መስፊያ ክር ነው። የጤና መድን ካርዱ በደረት ኪሱ እያለ፣ ወንድሙ ቀዶ ሐኪሙ እኔ የጻፍኩለትን ወረቀት ይዞ ከግቢ ውጭ ወዳሉት መድኃኒት ቤቶች ሄደ። ሁለቱ ተዘግተው ነበርና የሦስተኛውን ዘበኛ ቀስቅሶ እስኪያስከፍት አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ሲመለስ ክሩን በነጠላው ጫፍ እንደ አደራ ገንዘብ ቋጥሮ ነበር ያመጣው። ሆዱን ስንከፍት አንጀቱ ጠቁሯል፤ ሰውየውም በሦስተኛው ቀን አረፈ። ያ ሰዓት ተኩል ባይባክን ይተርፍ እንደነበር መማል አልችልም፤ መዳኛው ግን በየደቂቃው እየጠበበ እንደሄደ አውቃለሁ። ቤተሰቡ ፈጣሪን አመስግኖ ሬሳውን ወሰደ፣ አንድ ዘመድ ብቻ እጄን አይቶ አጉረመረመ፤ ክሩ ለምን በመጋዘን እንዳልነበረ የጠየቀ ግን ማንም አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ስለዚህ ተግሳጹ ከራሴ ይጀምራል።

እናንተ ቀዶ ሐኪምን በእጁ ትመዝናላችሁ። «እጁ ጥሩ ነው» ያላችሁትን ፍለጋ ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ ትሄዳላችሁ፤ ሰው የሞተበትን ደግሞ ዳግም አትጠጉትም። አትፈርዱ አልልም። ነገር ግን አንድ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ከመታጠቡ ከብዙ ወራት በፊት፣ ስለ ግዢ፣ ስለ በጀት፣ ስለ ጤና መድን የክፍያ ተመንና ስለ ሥልጠና ኮታ በተወሰነባቸው ስብሰባዎች ግማሽ በግማሽ ተሠርቶ ያለቀ ወይም ተበላሽቶ ያለቀ ነገር ነው። ኦክስጅን፣ ደም፣ የመሣሪያ ማምከኛ፣ ሰመመን ሰጪና መንገድ ከሌሉ ጥሩ እጅ ብቻውን ምንም አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ሪፖርት፣ አስተማማኝና ከአቅማቸው ጋር የሚመጣጠን ቀዶ ሕክምና በሚያስፈልጋቸው ጊዜ የማያገኙትን የዓለም ሰዎች 5 ቢሊዮን ብሎ ሲገምት፣ እጥረቱን የቆጠረው በሐኪም እጅ ጥራት አልነበረም። በርቀት፣ በባለሙያ ቁጥርና በሕመምተኛው ኪስ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የዓለም ጤና ጉባኤ ድንገተኛና መሠረታዊ ቀዶ ሕክምና የአጠቃላይ ጤና ሽፋን አካል እንዲሆን ወስኗል፤ አገራችንም ውሳኔውን ተከትላ ብሔራዊ የቀዶ ሕክምና ዕቅድ ካወጡት ቀዳሚ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ዕቅዱ አለ። ዕቅዱ በየሆስፒታሉ ክር ሆኖ መድረሱን የሚከታተለው ማን ነው?

መልሱ የሙያ ማኅበር መሆን ነበረበት። አንድ ሐኪም ለብቻው ስለ ክር እጥረት ደብዳቤ ቢጽፍ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ያድራል፤ ስሙም «አስቸጋሪ ሰው» ተብሎ ይያዛል። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከተመሠረተ፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ስንቆጥር፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የቀዶ ሐኪሞችም የራሳችን ማኅበር አለን። ታዲያ ባልደረቦቼ፣ በዓመታዊ ጉባኤያችን የምናደርገውን ሕዝቡ ይስማው። ጠዋት ለጥናታዊ ጽሑፎቹና ለሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥቡ አዳራሹ ጢም ይላል፤ የሙያ ፈቃድ የሚታደሰው በነጥብ ነውና። ከሰዓት በኋላ ለሕግ ረቂቅ አስተያየት የሚሰጥበትና ኮሚቴ የሚመረጥበት ሰዓት ሲደርስ ግን ቦርሳ እያነሳን አንድ በአንድ እንወጣለን። በአንድ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስቆጥር፣ የቀረነው የመድረክ ሰዎችን ጨምሮ አሥራ አራት ነበርን። «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት በመክፈቻው ንግግር አጨብጭበንለት ነበር፤ ፈታዮቹ ግን ከሻይ ዕረፍት አልተመለሱም።

የማኅበርን ጉልበትም ፍርሃትንም አንድ ላይ የሚያሳይ ታሪክ ከአሜሪካ ላንሳላችሁ። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የሙያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1913 ሲቋቋም በዚያ አገር ያሉ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ የረባ የሕመምተኛ መዝገብ እንኳ አልነበራቸውም። ኮሌጁ መንግሥት እስኪያዝዘው አልጠበቀም፤ መዝገብ ይኑር፣ ላቦራቶሪና ራጅ ይኑር፣ ሐኪሞች በየጊዜው ተሰብስበው ሥራቸውን ይገምግሙ የሚል አጭር ዝቅተኛ መስፈርት አወጣና 100 አልጋና ከዚያ በላይ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ፈተሸ። መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ነበሩ። ከወደቁት መካከል በአገሪቱ ስመ ጥር የሆኑት ይገኙበት ስለነበር፣ በ1919 ኒው ዮርክ ለስብሰባ የተቀመጡት የኮሌጁ መሪዎች የሆስፒታሎቹን ስም ዝርዝር ጋዜጠኛ እጅ እንዳይገባ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የማሞቂያ ምድጃ ውስጥ አቃጠሉት። ቁጥሩን ግን ይፋ አደረጉ፣ ፍተሻውንም በየዓመቱ ቀጠሉ፤ ዛሬ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ዕውቅና የሚያገኙበት ሥርዓት ከዚያ ሥራ የተወለደ ነው። ስሞቹን ማቃጠላቸውን አልወድላቸውም። እኛ ግን የምናቃጥለው ዝርዝር እንኳ የለንም፤ የትኛው ሆስፒታል በወር ስንት ቀን ያለ ክር፣ ስንት ቀን ያለ ኦክስጅን እንደሚያድር በማኅበር ደረጃ ቆጥረን ለሕዝብ አቅርበን አናውቅም።

የተባበረ ሙያ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስተዋወቀው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥብ ያለው፣ ሕመምተኛው ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ሳይወጣ ደረጃ በደረጃ የሚሞላ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ወረቀቱ እኛም ዘንድ አለ፤ አንዳንዴ ሕመምተኛው ወደ ማገገሚያ ከሄደ በኋላ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እስትንፋስ ሲሞላ አይቻለሁ።

ማኅበር ሲባል የራስን ጥቅም ማስከበሪያ ብቻ ይመስላችኋል፤ ለዚህ ምክንያት ሰጥተናችኋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ለገጠር ሆስፒታሎች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖችን፣ ማለትም ሐኪም ያልሆኑ ኦፕራሲዮን የሚሠሩ ባለሙያዎችን፣ በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ሲጀመር ካጉረመረሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ «ሙያው ረከሰ» ብያለሁ። ኋላ እኔ ልሄድበት ባልፈቀድሁበት ወረዳ፣ ምጥ የጠናባትን እናት በሌሊት በኦፕራሲዮን አዋልዶ ሁለት ነፍስ ያተረፈው እንዲህ ያለ ባለሙያ ነበር። በማኅበር መቀመጥ ማለት እንዲህ ያለውን የራስን ስህተት በባልደረባ ፊት ማረምንም ይጨምራል።

እናንተ ወገኖቼ ደግሞ፣ ሐኪሞች ተሰብስበው ስለ ጤና በጀት ሲናገሩ «ፖለቲካ ገቡ» ማለታችሁን ተዉ። የክር ግዢ ፖለቲካ ከሆነ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የመጣውም ክር ፖለቲካ ነበር። የመድን መዋጯችሁን ስትከፍሉ፣ በካርዱ የተጻፈላችሁ አገልግሎት ከግቢ ውጭ በገንዘባችሁ ሲገዛ ደረሰኙን አትጣሉ፤ በቀበሌ ስብሰባ አንሱት፣ ለሐኪማችሁም ስጡት፤ ለማኅበሩ ማስረጃ የሚሆነው እርሱ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩም፣ መለዋወጫ የሌለው ማሽን በኮንቴይነር ከመላካችሁ በፊት እዚህ ያለውን ማኅበር ጠይቁ፤ በየኮሪደሩ የቆመው ስጦታ በቅቶናል።

እኔ ለሚቀጥለው ጉባኤ የምሠራበት ሆስፒታል በዓመት ውስጥ ያለ ክር፣ ያለ ኦክስጅንና ያለ ደም ያደረባቸውን ቀናት ከተረኛ መዝገብ ላይ ለቅሜ፣ ከነስሙ ይዤ እቀርባለሁ። የማቀርበውም ከሰዓት በኋላ ነው። ይቃጠል የሚል ባልደረባ ካለ እስከዚያች ሰዓት ይቆይና እዚያው አዳራሽ ውስጥ እጁን ያውጣ።