በድንቅነሽ እንኮራለን፣ የምትነግረንን ግን አንሰማም

አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ጤና ኬላ ይሄዳል። ጣቱን ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ይደረጋል። ትንሽ ይጠብቃል። ወባ የለብህም ይባልና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወባው ግን አብሮት ነው የተመለሰው።

ባለሙያዋ አልተሳሳተችም፣ መመርመሪያውም አልተበላሸም። የተለወጠው ፓራሳይቱ፣ ማለትም ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በብዛት ስንጠቀምበት የኖርነው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የሚያመርተውን አንድ ፕሮቲን ነው፣ ኤችአርፒ2 ይባላል። ከስፍር ቁጥር የሌላቸው ፓራሳይቶች መካከል ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል በአጋጣሚ የጎደላቸው ነበሩ። መመርመሪያው በየቦታው ሲዳረስ ይህ ጉድለት ጥቅም ሆነላቸው። ፕሮቲኑ ያለው ይታያል፣ መድኃኒት ይሰጥበታል፣ ይሞታል። የሌለው ግን ሳይታይ ያልፋል፣ ሰውየው ደም ውስጥ ይራባል፣ ትንኝ ትወስደውና ጎረቤት ትዘራዋለች። ኤርትራ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያዋን ለመቀየር ተገደደች። እኛም አገር ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚያዋስኑን አካባቢዎች የተሠራ ጥናት በ2021 ታትሞ ያንኑ አሳየ።

ዝግመተ ለውጥ ማለት ይሄ ነው። ፓራሳይቱ "ልደበቅ" ብሎ አላሰበም። መጀመሪያውኑ ልዩነት ነበረ፣ ልዩነቱ ለልጅ ይተላለፋል፣ አንዱ ዓይነት ከሌላው በልጦ ዘር ተካ። በቃ። የኛ ገበሬ ጥሩ የያዘውን ማሽላ ለዘር ለይቶ ሲያስቀምጥ የሚያደርገውም ከዚህ አይርቅም፤ ልዩነቱ እዚያ መራጩ ሰው ነው፣ እዚህ ደግሞ ኑሮው ራሱ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ሐሳቡን ሲያቀርብ መጀመሪያ ያነሳው የቤት እንስሳትንና ሰው የሚዘራቸውን እህሎች የሆነው ለዚህ ነው።

እስከዚህ ብዙ ሰው ይስማማል። ሰው ላይ ሲደርስ ነው ጨዋታው የሚቆመው። "ታዲያ ከዝንጀሮ ነው የመጣሁት?" ይባላል። አይደለም። የአጎትህ ልጅ አባትህ አይደለም፤ አያታችሁ ግን አንድ ናቸው። "ዝንጀሮው ለምን እስካሁን ዝንጀሮ ሆኖ ቀረ?" የሚለውም ጥያቄ የአጎትህ ልጅ ለምን አንተን አልሆነም እንደማለት ነው። እሱም በራሱ መንገድ ሄዷል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ክርክር በሌላ አገር ሳይሆን እዚሁ መካሄዱ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። የራስ ቅሏ ትንሽ ነው፣ አንጎሏ ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። ዳሌዋና ጉልበቷ ግን በሁለት እግሩ ቆሞ የሚሄድ ፍጡር ዓይነት ነው። እዚያው አፋር፣ አራሚስ አካባቢ የተገኘችው አርዲ ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ የእግሯ አውራ ጣት እንደ እጅ ጣት ወደ ጎን የተለየ፣ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። ወደ ደቡብ እንውረድ። ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የራስ ቅል ቢያንስ 233,000 ዓመት እንደሆነው ይገመታል፣ እሱ እንግዲህ እንደኛው ሰው ነው።

ቅደም ተከተሉን አያችሁት? መጀመሪያ እግር ተቀየረ፣ ራስ ብዙ ቆይቶ ተከተለ። ዕድሜውም እንዲሁ በግምት የተለጠፈ አይደለም። ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነውና አጥንቶቹ በአመድ ንብርብሮች መካከል ነው የሚገኙት፣ የአመዱ ዕድሜ ደግሞ ይለካል። የኦሞው ዓይነት ሰው አርዲ ከተገኘችበት ንብርብር ውስጥ ቢወጣ ነገሩ ሁሉ ይናጋ ነበር። አልወጣም።

አጥንት የማያሳምነው ሰው ካለ ደሙን ይጠይቅ። ቺምፓንዚና ጎሪላ 24 ጥንድ ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረ መሎችን የተሸከሙ ክሮች አላቸው፣ እኛ 23። አያታችን አንድ ከሆነ አንዱ ጥንድ የት ገባ? ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው አንድ ሆነዋል፤ ቁጥር 2 የምንለው ክሮሞዞም መሐሉ ላይ የድሮ ጫፎቹን ምልክት ዛሬም ይዟል። ለውጡ ሰው ላይ ሲደርስም አልቆመም። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የአየሩን መሳሳት የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ፕሮቲን በማብዛት ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ አማሮች ላይ በተደረገ ጥናት ግን ሄሞግሎቢናቸው ቆላ ካለ ሰው እምብዛም አልተለየም። ተራራው ተመሳሳይ፣ የሰውነት መላው ግን ሌላ።

እኔ ትምህርት ቤት ዝግመተ ለውጥን የተማርኩት በቀጭኔ አንገትና በእንግሊዝ አገር የእሳት ራት ነበር። ስለ አፋር አንድ ቃል አልተነገረኝም፣ ስለ ወባማ ጭራሽ። መምህሩም ፈራ ተባ እያለ ነበር፤ ለፈተና ብቻ ያዙት፣ እምነታችሁን አይንካ ብሎ ገጹን ገለጠ። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ፣ ስጋቱ ይገባኛል። ግን ፈጣሪን የሚያምን ሰው አፋር መሬት ውስጥ ያለውን ለማየት የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም። ልጆቻችን ስለ ወባው፣ ስለ ንብርብሩ፣ ስለ አርዲ ጣት በራሳቸው ቋንቋ ይማሩ። ነገ ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስገባ የማየው ሁሌ አንድ ነው። ተማሪዎች ተሰልፈው ይገባሉ፣ "የሰው ዘር መገኛ ነን" ይባላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይታለፋል። ለዕይታ የቀረበው የድንቅነሽ አጥንት ቅጂ ቢሆንም ለማየት ይበቃል። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እባካችሁ ጉልበቷ ጋ ቁሙ። የጭን አጥንቷ ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን አሳዩት። ከዚያ የራሱን ጭንና ጉልበት በእጁ ዳስሶ ይይ።