ውዳሴ ባለቆጣሪ

አሜሪካኖች ያሳዝኑኛል። ኤንሮን የሚባል ኩባንያ ሂውስተን ላይ አቁመው፣ በመስታወት ያጌጠ ሕንፃ ገንብተውለት፣ ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ቀጥረውለት የተፈጥሮ ጋዝና መብራት ሲነግድ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 ከስሮ ቁጭ አለ። እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ፣ አከራያችን እትዬ በአንድ ቆጣሪ፣ በሦስት ኤክስቴንሽንና በአንድ ባለ መስመር ደብተር ያንኑ ንግድ ይዘው አንድም ወር ኪሳራ አይተው አያውቁም።

ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለት የጋዝ ቧንቧ ኩባንያዎች ተጋብተው የወለዱት ነው። መጀመሪያ ሥራው ጋዝ ማመላለስ ነበር። ኋላ ጄፍሪ ስኪሊንግ የሚባል ሰው መጣና፣ ከቧንቧው ይልቅ በሻጭና በገዢ መሃል መቆም እንደሚያዋጣ አሳያቸው። እኛ ደላላ የምንለውን እነሱ «ገበያ ፈጣሪ» አሉት። ፎርቹን መጽሔትም ስድስት ዓመት ተከታትሎ በፈጠራ የአሜሪካ አንደኛ ኩባንያ አደረገው። ለእትዬ ግን እስከ ዛሬ የቀበሌ የምስክር ወረቀት እንኳ የሰጣቸው የለም። ይኼን ግፍ ለማካካስ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ከደብተራቸው ልጀምር። አምፖል በቁጥር ነው። ቴሌቪዥን ለብቻው ነው። ካውያ በሸሚዝ ይታሰባል፤ ሱሪ ካለበት እጥፍ ነው። ዘመድ መጥቶ ካደረ «የእንግዳ መብራት» ትጨመራለች፤ በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ እትዬ ከፋሲል መዋኛ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚቆጥሩት በየበራችን ያለውን ጫማ ነው። ጳጉሜ በቀን መቁጠሪያ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ቀን ናት፤ በእሳቸው ደብተር ግን ሙሉ ወር ናት። ኤንሮን ገና ያልገባለትን የሩቅ ዓመት ትርፍ ዛሬ እንደገባ አድርጎ ይመዘግብ ነበር፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ማግኘት ግን አልታየውም።

የእትዬ ጭንቅላት በትክክል የሚታየው ግን በታሪፉ ላይ ነው። የመብራት ዋጋ ደረጃ ደረጃ አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በርካሽ ይከፍላል፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ደረጃ እየወጣ ይወደዳል፣ የመጨረሻው ከ500 በላይ ነው። አቅም የሌለው እንዳይጎዳ ታስቦ ነው። እኛ በግቢው ስምንት ክፍል ተከራዮች ነን፤ እያንዳንዳችን አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ይዘን ለየብቻ ብንቆጠር ሁላችንም እታችኛው ደረጃ ላይ ነበርን። በአንድ ቆጣሪ ስንደመር ግን ወፍጮ ቤት የከፈትን እንመስላለን። ለየብቻ ድሆች ነን፣ በጋራ ባለጸጎች ነን። እትዬ ውዱን ደረጃ ለስምንታችን እኩል ያካፍሉና ርካሹን የመጀመሪያ 50 ለራሳቸው ያስቀራሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣

«ልጄ፣ በመጀመሪያ ያበራሁት እኔ ነኛ!» አሉኝ።

ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ።

ጋዙስ? ትሉ ይሆናል። ኤንሮን ጋዝና መብራትን ጎን ለጎን የነገደው በከንቱ አይደለም፤ ብዙ የመብራት ማመንጫ ጋዝ ስለሚያነድ የአንዱን ዋጋ ያወቀ የሌላውን ይገምታል። እትዬም ሁለቱን ገበያ አስተሳስረው ይዘዋል። በግቢያችን ስቶቭ መሰካት ክልክል ነው። ምጣድማ ስሙም አይነሣ። ይህ ሕግ በወጣ በሳምንቱ በረንዳቸው ላይ ሁለት ኩንታል ከሰል ተደግፎ አየን። በጣሳ ይሸጣሉ። ቅዳሜ ገበያ ሄዶ የሚገዛ ቢኖር አይከለክሉም፤ ከሰሉን ማስቀመጫ ቦታ ያስከፍላሉ እንጂ። (እውነቱን ለመናገር እሳቸው ኪዳን ሲሳለሙ ስቶቭ ከአልጋ ሥር የምናወጣ አለን። የሚያጋልጠን ሽሮው ነው።)

ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የመብራት ዋጋ ጣሪያ ተጥሎ ነበር። የኤንሮን ልጆች መብራቱን ከግዛቱ ያስወጡትና ዞሮ ሲመለስ ከውጭ የመጣ ነው ብለው ከጣሪያው በላይ ይሸጡት ነበር። ለዘዴው «ሪኮሼት» የሚል ስም አወጡለት፤ በኋላ በመርማሪ የተያዙትም ስም እያወጡ በጽሑፍ ስላስቀመጡት ጭምር ነው። እትዬ ስም አያወጡም፣ አይጽፉም። ገመድ በአጥር ላይ አሻግረው ለጎረቤት ኪዮስክ ይሰጣሉ። ስልኬን ክፍሌ ውስጥ ቻርጅ እንዳላደርግ «ሶኬቱ ይሞቃል» ተብያለሁ፤ ስለዚህ ኪዮስኩ ወስጄ በዐሥር ብር አስሞላለሁ።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 አንድ የኤንሮን ነጋዴ ላስ ቬጋስ ወዳለ ማመንጫ ደውሎ መብራት አጥሮ ዋጋው እንዲንር፣ ምክንያት ፈልገው ማመንጫውን እንዲያቆሙ ጠየቀ። ንግግሩ በቴፕ ተቀድቶ ስለነበር ኋላ ዓለም ሰማው። በእኛ ግቢ ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ፊውዙ ቀጭ ይላል፣ ወዲያው እትዬ ከሁላችን ቀድመው «ኧረ መብራት ሄደ!» ብለው ይጮሃሉ። ድምፃቸው ውስጥ ያለው ሐዘን ልብ ይነካል። ከዚያ በእሳቸው መስኮት የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም እያለ፣ የተከታታይ ድራማው ሙዚቃ እስከ ደጅ ይሰማል። ቴፕ የቀዳ የለም።

ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ1998 የዎል ስትሪት ተንታኞች ሊጎበኙት ሲመጡ የውሸት የንግድ ክፍል አዘጋጅቶ፣ ሠራተኞቹ ስልክ ይዘው ደንበኛ የሚያናግሩ መስለው ነበር። በእኛ ግቢ ቆጣሪ አንባቢው በሩን ሲያንኳኳ ተገላቢጦሹ ነው የሚሠራው፤ የአጥሩ ገመድ ተጠቅልሎ ከዶሮው ቤት ይገባል፣ ስምንቱ ክፍል ይዘጋል፣ እትዬ ብቻቸውን ፈትል ይዘው ይቀመጣሉ። አንዲት ባልቴት፣ አንድ አምፖል። ልጁ የቆጣሪውን ቁጥር አይቶ አንገቱን ይነቀንቃል። ቡና ይቀርብለታል።

እትዬ ብቻቸውን ናቸው ብዬ ሌላውን ባለሙያ አላሳንስም። ከአራዳ እስከ አዘዞ በየግቢው እንዲህ ያለ ጥበበኛ አለ። እኔን የሚያስደንቀኝ ልኬቱ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲ አድርጎ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ የሚዘልቅ 230 ኪሎ ቮልት መስመር አለን። መብራቱ ድንበር ሲሻገር በቆጣሪ ይለካል። ከእትዬ በረንዳ እስከ እኔ በር ባለው ስድስት እርምጃ ግን የሚለካው በዓይን ነው።

ባለፈው ወር ለክፍሌ የራሴን ትንሽ ቆጣሪ ገዝቼ ላስገጥም ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። እትዬ አልከለከሉኝም። «ግድግዳው የማን ነው?» ብቻ አሉኝ። አሁን በደብተሩ ውስጥ ካውያና እንግዳ መሃል «የግድግዳ» የሚል አዲስ መስመር አለኝ፤ ሒሳቡ ግን አሁንም በአምፖል ነው፣ ምክንያቱም የእኔን ቆጣሪ ለማንበብ መነጽራቸው አይሠራም።

ይህን ስጽፍ ማታ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ክፍሌ ጨለማ ነው፤ የማየው በስልኬ መብራት ነው። ስልኩ የተሞላው ኪዮስኩ ነው። የኪዮስኩ ገመድ በየት በኩል እንደሚመጣ ነግሬያችኋለሁ።