ክርክር፦ የሳኒተሪ ዲዛይነር የራሱ ሳይት ፕላን ያስፈልገዋልን?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «በሪቪት (የሕንፃ ሞዴል በሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሚሠሩ የሳኒተሪ (የውኃና የፍሳሽ መስመር)፣ የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ዲዛይነሮች የሳይት ፕላን የግል ቅጂ መያዝ የለባቸውም፤ አንዱን የጋራ የሳይት ፋይል በሊንክ (ሳይገለብጡ ከሞዴላቸው ጋር በማያያዝ) ብቻ ሊጠቀሙ ይገባል።» ሐሳቡን የሚደግፉት በአንድ አማካሪ ድርጅት የየሞያውን ሞዴል የሚያስተባብሩ አርክቴክት ሲሆኑ፣ የሚቃወሙት የሳኒተሪ ዲዛይን መሐንዲስ ናቸው።

አስተባባሪው

ከየሞያው የሚላኩልኝን ሞዴሎች ስደራርባቸው ሕንፃው ከሕንፃው ጋር ይገጥማል፤ ማንሆሉ (የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓዱ) ግን ከአጥር ውጭ፣ ጀነሬተሩም በጎረቤት ግቢ ውስጥ ይገኛል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያው ነው። ዲዛይነሩ ከቀያሹ የመጣውን የአውቶካድ ፋይል ሊንክ ማድረግ ሲገባው ኢምፖርት ያደርገዋል (ወደ ሞዴሉ ያስገባዋል)፣ ኤክስፕሎድ ያደርገዋል (ይበታትነዋል)፣ ከዚያም ሩቅ ሆነብኝ ብሎ ወደ ዜሮ ነጥብ ይጎትተዋል። ሩቅ መሆኑ እርግጥ ነው። አዲስ አበባ በዩቲኤም (በሜትር በሚቆጠር የካርታ ልኬት ሥርዓት) ዞን 37 የሰሜን ልኳ ወደ 995,000 ሜትር፣ የምሥራቅ ልኳ ደግሞ ወደ 472,000 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሪቪት ከውስጣዊ መነሻ ነጥቡ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀን ነገር በትክክል ሊይዝ አይችልም። ይሁን እንጂ መፍትሔው ፕላኑን መጎተት አይደለም፤ ሕንፃውን በመነሻ ነጥቡ አጠገብ አኑሮ እውነተኛውን ልክ ለሰርቨይ ፖይንት (ሞዴሉን ከእውነተኛው መሬት ጋር ለሚያገናኘው ነጥብ) መስጠት ነው። ይህንንም አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ በአንድ የሳይት ፋይል ላይ ይሠራዋል፤ ሌላው ሁሉ ኮኦርዲኔቱን (የቦታ ልኩን) ከዚያ ይወስዳል። የይዞታ ካርታው በአዲንዳን፣ የቀያሹ ጂፒኤስ ደግሞ በደብሊው ጂ ኤስ 84 (ሁለቱ የተለያዩ የቦታ ልክ መነሻዎች ናቸው) ሆኖ ሲመጣ በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት እንዳለ እየታወቀ፣ ይህን እርማት ለየዲዛይነሩ ውሳኔ መተው ኃላፊነት የጎደለው አሠራር ነው። ደግሞስ የሳኒተሪ ሰው ከሳይት ፕላን የሚፈልገው የአጥሩን መስመርና የመንገዱን በር ነው፤ ለዚህ ሲባል የግል ቅጂ ለምን ይያዛል?

መሐንዲሷ

«የአጥሩን መስመርና የመንገዱን በር!» እንዲህ ብለው የጻፉት ባለሙያ የሳኒተሪ ንድፍ ከየት እንደሚጀመር ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም። ንድፉ የሚጀመረው በመንገዱ ላይ ካለው የፍሳሽ ማንሆል ኢንቨርት ሌቭል (የቱቦው የውስጥ ወለል ከፍታ) ነው፤ ከዚያ ተነሥተን ወደ ሕንፃው ሽቅብ እንቆጥራለን። የመንገዱ ማንሆል ኢንቨርት 2,346.90 ሜትር ነው እንበል። መስመሩ 80 ሜትር ርዝመት ኖሮት በ1 በመቶ ተዳፋት ቢሄድ፣ ቱቦው ከሕንፃው በሚወጣበት ቦታ 2,347.70 ላይ ይደርሳል። የምድር ቤቱ ወለል 2,348.50 ከሆነ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለኝ፤ ይበቃኛል። አርክቴክቱ መግቢያውን ከመንገዱ ጋር ለማስተካከል ብለው ዜሮውን (0.00 የሚባለውን የምድር ቤት ወለል ከፍታ) በ60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢያደርጉት ግን 20 ሳንቲ ሜትር ይቀረኛል፤ ከዚህም ውስጥ 16ቱን ቱቦው ራሱ ይወስደዋል። የቀረው 4 ሳንቲ ሜትር ለወለሉ ኮንክሪት እንኳ አይሆንም። ታዲያ ይህ ኢንቨርት እርስዎ በሚያቀርቡት የጋራ ፋይል ውስጥ የት አለ? እኔ የማገኘው ዛፍ፣ የቆሙ መኪናዎች፣ የሣር ሀችና ያጌጠ የሰሜን ቀስት ነው። ስለዚህ ከቀያሹ በቀጥታ የመጣውን ፋይል አጽድቼ በራሴ ሞዴል ውስጥ እይዘዋለሁ። ፍሳሽ ኮኦርዲኔት አያውቅም፤ የሚያውቀው ተዳፋት ብቻ ነው።

አስተባባሪው

«ፍሳሽ ኮኦርዲኔት አያውቅም» የሚለው አባባል ለጆሮ ይጥማል፤ ከአንድ መሐንዲስ ብዕር መውጣቱ ግን ያስደነግጣል። ተዳፋት ማለት የከፍታ ልዩነት ለርቀት ሲካፈል የሚገኝ ነው። እኅቴ፣ ያንን 80 ሜትር ከየት አመጡት? ማንሆሉ ያለበት ነጥብና ሕንፃው ያለበት ነጥብ ካልታወቁ 80ው 95 ቢሆን በምን ያውቃሉ? ፍሳሹ ባያውቅም ቦዩን የሚያስቆፍረው ተቋራጭ ያውቃል፤ ቶታል ስቴሽኑን (የቅየሳ መሣሪያውን) ተክሎ የሚጠይቀው ኮኦርዲኔት ነው። በግል ቅጂዎ ውስጥ ያለው ፋይል በአዲንዳን ይሁን በደብሊው ጂ ኤስ 84 አልነገሩንም። ዛፉና መኪናው ካስቸገረዎትም በቪዩው ቅንብር ይጠፋሉ፤ ለዚህ ፋይል መገልበጥ አያስፈልግም። የዜሮው መለወጥ ያሉትንም ኮፒ ሞኒተር የሚባለው የሪቪት መሣሪያ ይፈታዋል፤ የአርክቴክቱን ሌቭል ቢከታተሉበት ሌቭሉ በተንቀሳቀሰ ጊዜ ሊንኩ እንደታደሰ ማስጠንቀቂያ ይደርስዎታል። መሣሪያው አለ፤ የጎደለው እሱን የመጠቀም ፈቃደኝነት ነው።

መሐንዲሷ

ምክሩን ለማያውቅ ሰው ይስጡልኝ፤ ኮፒ ሞኒተርን እጠቀምበታለሁ፣ የት ላይ እንደማያይም አውቃለሁ። አርክቴክቱ የምድር ቤቱን ሌቭል ቢያንቀሳቅሱ ማስጠንቀቂያው ይመጣል። ነገር ግን ሌቭሉ ባለበት 0.00 ሆኖ፣ ያ 0.00 ከባሕር ወለል በላይ ስንት እንደሆነ የሚናገረው ልክ ብቻ ከ2,348.50 ወደ 2,347.90 ቢለወጥ፣ በሞዴሉ ውስጥ ከቦታው የተነቃነቀ ሌቭል ስለሌለ ኮፒ ሞኒተር ዝም ይላል። ሕንፃው በሙሉ ወርዷል፤ የእኔ ሥዕል ግን እንደ ትናንቱ ነው። አርክቴክቶች ዜሮውን ዝቅ የሚያደርጉት ደግሞ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። እርስዎ ስለ ቶታል ስቴሽን ሲያስተምሩኝ የኢንቨርቱን ጥያቄ ዘለውታል፤ አሁንም ከአጥርና ከበር አልወጡም። ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅ፦ ዜሮው ሲለወጥ የሳኒተሪው መሐንዲስ ሳይፈርም ሊጸድቅ ይገባዋልን?

አስተባባሪው

ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቢሆንም አልሸሸውም። የወለል ከፍታን መወሰን የአርክቴክቱ ሥልጣን ነው። መግቢያው፣ የአካል ጉዳተኞች መወጣጫው፣ የመኪና ማቆሚያው መውረጃ ሁሉ በዚያ ላይ ይቆማሉ፤ ቧንቧ ሕንፃን አያዝም። ከፍታ አልበቃኝ የሚል መሐንዲስ ፍሳሹን በጉድጓድ ሰብስቦ በፓምፕ ያወጣል፤ ቤዝመንት ባለው ሕንፃ ሁሉ የሚደረግ ነው። ለዓመታት ሞዴል ሳስተባብር፣ የሌላውን ሞያ ድካም ሣርና ቀስት ብሎ ያናናቀ ሰው ግን አልገጠመኝም።

መሐንዲሷ

ያናነቅሁት የሞያውን ድካም አይደለም፤ ከፍታ የሌለበትን ፋይል ነው። ፓምፕ ያሉት ለቤዝመንት ልክ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለምና። በራሱ ሊወርድ ይችል የነበረን የምድር ቤት ፍሳሽ በፓምፕ ማውጣት ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተር መጠበቅ፣ ተጠባባቂ ሁለተኛ ፓምፕ መግዛት፣ ሕንፃው እስካለ ድረስም ጥገና መክፈል ነው። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትሩ ሲወሰን ግን ማንም አልነገረውም። «ሥልጣኔ ነው» የሚሉ አርክቴክት ውሳኔያቸውን ከነወጪው ለባለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ እኔ ፓምፑን እነድፋለሁ። በጋራው ፋይል ላይም የመንገዱ ማንሆል ቦታና ኢንቨርት፣ የዜሮው እውነተኛ ከፍታና የተለወጠበት ቀን ይጻፉበት፤ ያን ቀን ሊንክ አደርገዋለሁ። እስከዚያው የቀያሹ ፋይል በእኔ ሞዴል ውስጥ ይቆያል።