እርማት፦ የቀን በጀት የዕለት ጣሪያ አይደለም

ለጥምቀት እንግዶች ማረፊያ በፌስቡክ ለሚያስተዋውቁ የጎንደር ባለሀብቶች «በቀን 10 ዶላር መድባችሁ 15 ከወጣባችሁ ተሰርቃችኋልና ማስታወቂያውን ወዲያውኑ አጥፉት» ተብሎ የተሰጠው ምክር ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ አሠራር የቀን በጀት አማካይ መጠን እንጂ ለእያንዳንዱ ዕለት የተቆረጠ ጣሪያ አይደለም፤ ሥርዓቱ የተሻለ ዕድል ባየበት ቀን ከተመደበው እስከ 75 በመቶ ጨምሮ፣ በ10 ዶላር ስሌት እስከ 17.50 ዶላር ድረስ፣ ሊያወጣ ይችላል፤ በሌሎች ቀናት ደግሞ ይቀንሳል። ጣሪያው የሚሠራው ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ባለው ሳምንት ሲሆን፣ የሳምንቱ ወጪ ከቀን በጀቱ ሰባት እጥፍ፣ ማለትም ከ70 ዶላር አይበልጥም። ስለዚህ ሒሳቡ መመርመር ያለበት በሳምንት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «አጥፉት» የሚለው ነው። ማስታወቂያው ለማን ቢታይ እንደሚሻል ሥርዓቱ የሚማርበት ጊዜ አለው፤ ለዚህም በሳምንት ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ ውጤቶች (ለምሳሌ መልእክቶች ወይም ጠቅታዎች) ያስፈልጉታል። ማስታወቂያውን የሚያጠፋ ሰው ይህን ትምህርት ያቋርጠዋል፤ በጀቱን በየዕለቱ በብዙ መጠን የሚቀያይርም ደጋግሞ ከዜሮ ሊያስጀምረው ይችላል፤ ያ ደግሞ በከተራ ዋዜማ የማይካስ ኪሳራ ነው።

ገንዘባቸው ውስን ለሆነና ቀኑ ለታወቀ ሥራ፣ ለምሳሌ እስከ ጥር 10 ብቻ ለሚቆይ ማስታወቂያ፣ የሚስማማው ለጠቅላላ ጊዜው አንድ ጊዜ የሚመደበው በጀት ነው፤ እርሱ ከተወሰነለት ድምር አያልፍም። በተጨማሪም በአካውንቱ ላይ የወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል።