የጽንስ አንጎል በእናት ረሃብ አይጸዳም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር በባጃጁም በሱቁም ተከፍቶ በሚውል አንድ የሬዲዮ ዝግጅት «የጤና አማካሪ» ተብለው የቀረቡ እንግዳ፣ ነፍሰ ጡር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትጾም አውቶፋጂ የሚባለው የሕዋስ ጽዳት በጽንሱ አንጎል ስለሚፋጠን ልጇ ብሩህ ሆኖ ይወለዳል ሲሉ፣ አዘጋጁ ማስረጃ እንኳ ሳይጠይቅ አመስግኖ ሸኝቷቸዋል። መከታቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ለጃፓናዊው የአውቶፋጂ ተመራማሪ ዮሺኖሪ ኦሱሚ የተሰጠው የኖቤል ሽልማት ነው። ኦሱሚ ግን ያን ግኝት ያገኙት በእርሾ ላይ ነው፤ እርሾ ደግሞ አያረግዝም።

አውቶፋጂ ሕዋስ ያረጁ ክፍሎቹን በከረጢት ጠቅልሎ ከፈጨ በኋላ መልሶ ለግንባታ የሚያውልበት ሥራ ነው። ለታዳጊ አንጎል ማስፈለጉን ማንም አይክድም፤ አምብራ1 የተባለው የዚህ ሥራ ዘረ መል የጎደላቸው የአይጥ ሽሎች የነርቭ ቱቧቸው (ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የሽል ክፍል) ክፉኛ ተዛብቶ መገኘቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያ በፊት በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት የጃፓን ቡድኖች የአውቶፋጂን ዘረ መሎች ከአይጦች የነርቭ ሥርዓት ብቻ ለይተው ሲያጠፉ፣ በነርቭ ሕዋሳቱ ውስጥ የፕሮቲን ጓል ተከማችቶ አይጦቹ በቅጡ መንቀሳቀስ ተስኗቸዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ አይጦች የታመሙት እየተመገቡ ነው። በአንጎል ውስጥ ጽዳቱ ረሃብን ሳይጠብቅ ሌት ተቀን የሚካሄድ ባይሆን ኖሮ፣ መቋረጡ ጠግቦ የሚያድር አይጥ ላይ ይህን ሁሉ ጉዳት ከየት ያመጣ ነበር? በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም አይጦች ምግብ ሲከለከሉ በጉበትና በጡንቻ አውቶፋጂ ሲያይል፣ በአንጎላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ጭማሪ እንዳልታየ አሳይቷል። በኋላ በጎልማሳ አይጦች አንጎል ጭማሪ አየን ያሉ አሉ፤ ጎልማሳ አይጥ ግን ጽንስ አይደለም።

የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒኗ በባዶ ሆድ ስለሚያቅለሸልሻት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምታቆይ እናት በክትትል ወረፋ ላይ አይቻለሁ። የንስሐ አባቷ ራሳቸው «ልጄ፣ ቅመሺ» የሚሏትን ሴት፣ በሳይንስ ስም የሚያስርባት ሰው ከየት መጣ?

በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት ሆላንድ በጦርነት ስትራብ በተፀነሱ ልጆች ላይ የነርቭ ቱቦ ጉድለት መጨመሩ፣ ካደጉም በኋላ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም በእጥፍ ገደማ መታየቱ ተመዝግቧል። ያ ረሃብ እንጂ ጾም አይደለም የሚለኝ ይኖራል፤ ረሃብን ለጽንስ መድኃኒት ያደረጉት ግን እንግዳው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጣቢያው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዝግጅት አንድ የማኅፀን ሐኪም አቅርቦ ያርም።