ማስተካከያ፦ የለማጅ አሽከርካሪ መኪናና መድን

ለለማጅ የሚስማማ መኪና ስለመምረጥ ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ «ባለቤቱ መድን ከገባ ለማጁም አብሮ ይሸፈናል» ብለን ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ብዙ የመድን ውሎች መኪናውን ማን እንደሚያሽከረክር ይጠይቃሉ። ለማጁ በውሉ ካልተካተተ መድን ሰጪው ካሳውን ሊከለክል፣ አለዚያም ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን መልሶ ከባለቤቱ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ውሉ ይነበብ፤ ለማጁ ከሌለበትም በጽሑፍ ይመዝገብ። ዓረቦኑን (ለመድን ሰጪው የሚከፈለውን ገንዘብ) ለመቀነስ ሲባል፣ በአብዛኛው የሚነዳው ልጅ ሆኖ ሳለ አባትን ዋና አሽከርካሪ አድርጎ ማስመዝገብ ለብዙዎች ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን የሐሰት መግለጫ ነው፤ ውሉንም ሊያፈርሰው ይችላል።

«ሞተሩ አነስተኛ ከሆነ ዓረቦኑ ዝቅ ይላል» ማለታችንም ጎደሎ ነበር። የሞተር መጠን ከመለኪያዎቹ አንዱ ብቻ ነው። የመኪናው ዋጋ፣ የመለዋወጫው ውድነትና ለስርቆት ያለው ተጋላጭነትም ይታያሉ። መለዋወጫው እንደ ልብ የማይገኝ ትንሽ መኪና ከመካከለኛው ይልቅ ሊያስወጣ ይችላል።

የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት መሆኑን ሳንጠቅስ አልፈናል። ያለው መድን ይህ ብቻ ከሆነ፣ ለማጁ የሚነዳውን መኪና ከግንብ ጋር ቢያላትም (የለማጅ ነገር!) የጥገናው ወጪ የባለቤቱ ነው።