ጋሼ ስፒከር ላንጋኖ ወረዱ

እናንተም አጋጥመዋችኋል፤ እንዳትክዱኝ። ሐይቅ ዳር ጎጆ ተከራይታችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ "እፎይ" ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ ከጎናችሁ ባለው ጎጆ በር ላይ ሁለት መኪና ይቆማል። ባለፈው ቅዳሜ ላንጋኖ ላይ ተራው የኔ ነበር። "እ" ብያለሁ። "ፎይ" የምትለዋ እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ ናት።

ዛሬ ግን ልከስ አልተነሣሁም፤ ላመሰግን ነው። ውለታ ቢስ ሆነን እንጂ፣ ሰውየው ነዳጅ ተሰልፎ ቀድቶ፣ 200 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ አዲስ አበባን ሳትሸራረፍ ጭኖ አምጥቶልናል። ላንጋኖ ደግሞ ብቻውን ነው፤ ምስኪን። ወተት ጠብ ያለበት ሻይ የመሰለ ውሃውን ይዞ፣ ሌት ተቀን ዳርቻውን እየመታ፣ የሚያጫውተው አጥቶ ስንት ዘመን ኖረ። ለሱ ያዘነ ሰው አይመሰገንም?

መጀመሪያ የወረደው ስፒከሩ ነው። ጎማ ያለው፣ ሆዱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚዞርበት፣ የ8 ዓመት ልጅ የሚያክል። ዕቃ ብዬ ለመጥራት ድፍረቱ የለኝም። ጋሼ ስፒከር ልበላቸው። ጋሼ ስፒከር የመጡት ጋቢና ተቀምጠው ነው፤ ቀበቶ ታስሮላቸው። የቤቱ እናት ከኋላ ነበሩ፤ ከሦስት ልጅ፣ ከአንድ ማዳበሪያ ከሰልና ከአንድ የበረዶ ሳጥን ጋር ተጣበው። ጋሼን ለማውረድ ሁለት ጎረምሳ ተሻማ። "ቀስ! ቀስ በል! አሸዋ እንዳይገባው!" እናትዬው በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ።

ከግራሩ ሥር ያለው ጥላ ለጋሼ ተሰጠ። ወንበርም ቀረበላቸው። ጎጆው ውስጥ ያለችው ሶኬት አንዲት ናት፤ ፍሪጁ ተነቅሎ ጋሼ ተሰኩ። የሕፃኑ ወተትስ? ይሙቅ። ለሕፃን የሚስማማው ሙቅ ወተት ነው። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሲያካፋ ግቢው ተሸበረ። የእናትዬው ጋቢ ከትከሻቸው ላይ ተነሥቶ ጋሼ ላይ ተደረበ። ልጆቹ ዝናቡ ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ "ጉንፋን ይይዛችኋል" ያለ የለም። ልጅማ ይድናል። ስፒከር ግን አንዴ ውሃ ከገባው ምን ሐኪም አለው?

ማይክም አላቸው። 40 ደቂቃ ሙሉ "ሄሎ፣ ቴስት፣ ሄሎ" ተባለ። ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ ኑሮ በማይክ ሆነ። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ የቆመው ልጅ ለምሳ በማይክ ተጠራ። ጨው በማይክ ተጠየቀ፤ "ጨርሰነዋል" የሚለው መልስም በማይክ ተሰጠ። ሽንት ቤት የገባው አጎት ሶፍት እንዳጣ ሰማን፤ እኛም፣ ዘበኛውም፣ ጀልባ ላይ ያሉት አሳ አጥማጆችም። ሶፍቱ እየሄደለት መሆኑም ተበሠረ። ሲደርስ ተጨበጨበ። አንድ ዘፈን 11 ጊዜ ተደገመ። ቆጥሬያለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?

ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጋሼ ባትሪ ስላላቸው አልደነገጡም። 4 ሰዓት ላይ ግን ደከሙ። ድምፃቸው ወፈረ፣ ተንተባተቡ፣ ዝም አሉ። ያኔ ማዕበሉ ተሰማ። እንቁራሪቶቹም ተሰሙ። ከጨለማው ውስጥ ከነሱ አንዱ፦

"ምንድነው እሱ የሚንሿሿው?"

"ሐይቁ መሰለኝ።"

"ቅድምም ነበር?"

7 ደቂቃ አልሞላም፤ ጋሼ በመኪና ባትሪ ነፍስ ዘሩ። እልልታ ሆነ።

ይሄኔ ከወዲያኛው ጎጆ አንዲት እናት ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ጠዋት ሰላም ተባብለን ነበር። ቀዶ ሕክምና አድርገው፣ ሐኪሙ ዕረፍት ስላዘዘላቸው ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። "ልጆቼ፣ እባካችሁ ትንሽ ቀንሱልኝ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" አሉ። አንዱ መለሰላቸው። በማይክ። "እማማ፣ ዕረፍት ካማረሽ ቤትሽ አትተኚም ነበር?" ሳቅ ሆነ።

እዚህ ጋ ቀልዱ ይቅርብኝ። "አንቺ" አላቸው። እናቱ የሚሆኑ፣ ቁስላቸው ያልጠገገ ሴት ለምነውት፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ። ነውር ነው! "መዝናናት መብቴ ነው" የምትል ሁሉ ስማ፤ ከፍለህ የተከራየኸው ጎጆዋን ብቻ ነው። ሐይቁን ማን ሸጠልህ? የሰው እንቅልፍ በስንት ተሸጠልህ? እኔም ብሆን ጻድቅ አይደለሁም። በመስኮት አየሁ እንጂ አልወጣሁም። ሴትዮዋ ከዘራቸውን እየነካኩ ጨለማውን ብቻቸውን ተመለሱ።

ወደ ምስጋናው ልመለስ።

የበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አልነገርኳችሁም። ክትፎ አለ። ጥሬ ሥጋ አለ። ከመርካቶ የተገዛ ቅቤ አለ። ቅቤ! ወደ አርሲ! ማን ያውቃል፣ ቅቤው ራሱ ከአርሲ ወጥቶ መርካቶ የገባ ይሆናል። እንዲህ በሰው መኪና፣ በረዶ ላይ ተንጋሎ፣ ዘመድ ጥየቃ ይመለሳል።

መንገድ ላይ ደግሞ ባቱ አለች። ጠዋት ከዝዋይ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ጎንና ጎኑ በቢላ ተበጣጥቶ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ሥጋው እንደ አበባ ፈክቶ የሚወጣባት። ሎሚ ጠብ ታደርግበታለህ፤ በጅህ እየነቀስክ አዋዜ ታስነካዋለህ። ጀግናችን እዚያ አሳ ቤት ተቀምጦ ጥብስ አዘዘ፤ "አሳ አያጠግብም" ብሎ። (ይህንንም የሰማሁት በማይክ ነው።) ይኸው ሰው ጾም ሲገባ "አሳ ይበላል፣ አይበላም" በሚለው ክርክር ላይ ሊቅ ነው። "አሳ ሥጋ አይደለም" ይላል፣ ጠረጴዛ እየመታ። ፍስክ ሲሆንም ከአቋሙ ፍንክች አይልም፤ ሥጋ ስላልሆነ አይበላውም።

እሁድ ሸሽቼ ሐዋሳ ወረድኩ፤ አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ተጠግተዋል። ልጆቹ ቅርፊት ይፍቃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መላጣቸውን ይዘው፣ ጥቁር ካፖርት እንደለበሰ ለቅሶ ደራሽ ቆመው የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሆዱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያበራል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጋሼ ናቸው።

ምሳም አንድ ቤት ገጠመን። ቡርሳሜ ቀረበ። ቆጮው በቅቤ ታሽቶ፣ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ተደርጎ፣ እርጎ ከጎኑ፣ ዳጣም አለ። እንሰቱ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ ወራት ተብላልቶ የመጣ ምግብ ነው። ጀግናችን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገው። "እንጀራ የለም?" አለ። ከዚያ ፎቶ አነሣውና "ባህላችን" ብሎ ለጠፈው። ሻፌታው እንደመጣ ተመለሰ።

ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ መነሻው አንዲት ሴት ናት ይላሉ ሲዳማዎች። ካገባች በኋላ በዓመት አንዴ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ጎረቤቱም አብሮ ይበላል። እንግዳ ሆና ተሸክማ የመጣችው ነገር ለጎረቤት ይደርስ ነበር ማለት ነው። በዚህ በኩል የኛዎቹም አይታሙም። ያመጡት ነገር ለጎረቤት ሁሉ ደርሷል፤ ማንንም አልዘለለም።

እሁድ ማታ ላንጋኖ ስመለስ ጎጆአቸው ተዘግቷል። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። በሬ ላይ ተቀምጬ እስክጠግብ ሐይቁን ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ብጠብቅ ብጠብቅ አይመጣም። 3 ሰዓት ሲሆን ወጥቼ አስተናጋጁን ጠራሁት። ሲያየኝ ክው አለ።

"ይቅርታ ጋሼ" አለኝ። "ምንም ድምፅ ስላልሰማን ጎጆው ባዶ መስሎን ነው።"